ግብፅ የቀረው ሐልፋይ

ያቺን ቃል መጀመሪያ ያወጣኋት እኔ መሆኔን አጎቴ ሐልፋይ ያውቁ ነበር? አንዳንድ ቀን ያውቁ ነበር እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ ቢያውቁማ ኖሮ እንደዚያ አጠገቤ ባልተቀመጡ ነበር እላለሁ። መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

የእናቴ ወንድም ናቸው። ከኢየሩሳሌም አንድ ቀን በሚያስኬድ ኮረብታ ላይ ጥቂት ወይን፣ ጥቂት ገብስና ከካቡ ሥር አንዲት የበለስ ዛፍ ነበራቸው። ድንጋይ በመካብ የሚስተካከላቸው የለም፤ የመንደሩ እርከን ግማሹ የእጃቸው ሥራ ነው። ማንበብ ግን አያውቁም። በመንደራችን ይህ አያሳፍርም ነበር፤ የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው። የሚያሳፍረው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው።

በለስ መብሰል ሲጀምር ሰው ሁሉ ማሳው ይገባና መጀመሪያ የቀላችውን ፍሬ በእንግጫ ያስራታል። በኩር ናት፣ የእግዚአብሔር ናት ማለት ነው። ከዚያ በቅርጫት ይዞ ወደ መቅደሱ ይወጣል። ቅርጫቱን ሲያስረክብ በካህኑ ፊት የአባቶቹን ታሪክ በጥንቱ ቋንቋ ይናገራል፦ አባታችን ሲንከራተት ኖሮ ወደ ግብፅ መውረዱን፣ እዚያ ባሪያ መሆናችንን፣ ጮኸን መሰማታችንን፣ ወጥተን ወደዚህች ምድር መግባታችንን። የሚያውቅ ሰው በራሱ ይለዋል። የማያውቀውን ካህኑ ቃል በቃል ያስብለዋል። ስለዚህ ማን እንደሚያውቅና ማን እንደማያውቅ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ያያል።

አጎቴ በየዓመቱ ካህኑን ተከትለው ነበር የሚሉት። አንድ ዓመት ግን "ዘንድሮስ በራሴ ነው የምለው" አሉ። ክረምቱን ሙሉ ድንጋይ እየካቡ ሲያነበንቡ ሰምቻለሁ። ማን እንዳስጠናቸው አላውቅም። እኔ ማንበብ እያወቅሁ፣ ሁለት ቤት አልፌ እየኖርኩ፣ እኔን አልጠየቁኝም።

ቀኑ ሲደርስ ከኋላቸው እኔ ቆምኩ፤ ከእኔ ኋላ ጎረቤታችን ቤባይ።

"ቃል በቃል ላስብልህ?" አላቸው ካህኑ።

"አያስፈልግም፣ አውቀዋለሁ" አሉ። ድምፃቸው ከወትሮው ከፍ ብሎ ነበር።

ጀመሩ። መንከራተቱን አሉ፣ ወደ ግብፅ መውረዱን አሉ፣ ከዚያ ቆሙ። እንደገና ከመጀመሪያው ተነሡ፤ እንደገና ግብፅ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አንዲት በለስ ከቅርጫታቸው ወድቃ እግሬ ሥር መጣች።

ይሄኔ ወደ ቤባይ ዘወር ብዬ "ግብፅ ገብተው ቀሩ" አልኩት። በሹክሹክታ ነው ያልኩት። ቤባይ ግን ሹክሹክታ አያውቅም። "ግብፅ ገብቶ ቀረ!" ብሎ በሳቅ ፈነዳ፤ ሰልፉም አብሮት ሳቀ። ቀሪውን ካህኑ አስባላቸው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ድምፃቸውን አልሰማሁም።

መንደር ሳንደርስ ስም ሆኖባቸው ነበር።

"ሐልፋይ፣ ፈርዖን ደህና ነው?"

"አንተ ግብፅ የቀረኸው፣ ና እንጂ ወይን እንጠጣ! ወይስ ጡቡ አላለቀልህም?"

መጀመሪያ አብረው ሳቁ። በዓመቱ ግን ወገቤን አመመኝ ብለው ቀሩ። በሌላው ዓመት ጉልበታቸውን አመማቸው። ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሚስታቸው ሰሎምያ በየዓመቱ የአኻያ ቅርንጫፍ ልጣ ቅርጫት ትሠራለች፤ ቅርጫቱም ባዶውን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እሳቸውም በየዓመቱ የመጀመሪያዋን በለስ በእንግጫ ያስራሉ። ከዚያ ዝም ብለው ይተዋታል።

"አንተ ሰውዬ፣ የእግዚአብሔርን ድርሻ ለወፍ ታበላለህ?" ስትላቸው ሰምቻለሁ።

"ወፍ፣ እስቲ በል አይለኝም።"

አንድ ክረምት ይበቃን ነበር። ማታ ማታ መብራቴን ይዤ እየሄድኩ ባስጠናቸው ከግብፅ አወጣቸው ነበር። ስንት ጊዜ እስከ በራቸው ሄጄ ስለ ዝናቡ አውርቼ ተመልሻለሁ። ፊት ለፊት መቀመጥን ፈራሁ።

በሰባተኛው ዓመት ቤባይ ከኢየሩሳሌም ወሬ ይዞ መጣ። አጎቴ ካብ ላይ ነበሩ፤ እኔ ድንጋይ አቀብላቸው ነበር።

"ሰማችሁ? ከዘንድሮ ጀምሮ ካህናቱ ሁሉንም ነው የሚያስብሉት። የሚያውቀውንም የማያውቀውንም እኩል። እንዳንተ ያለው አፍሮ መምጣት ስለተወ ነው አሉ።"

"እንደኔ ያለው?" አጎቴ የያዙትን ድንጋይ መልሰው መሬት አስቀመጡ። "ስንት ነን?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ብዙ ናችሁ አሉ።"

በማግስቱ ከበለሷ ሥር ቆመው በእንግጫ የታሰረችውን ፍሬ ሲያዩ አገኘኋቸው።

ወደ ኢየሩሳሌም ለሚደረገው ጉዞ የወረዳችን ሰው ሁሉ በወረዳው ከተማ አደባባይ ላይ ተሰብስቦ አደረ። አጎቴ ቁጭ ብለው ነጋባቸው። ሰሎምያ እንዳለችኝ ያን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ባይናቸው አልዞረም። ጠዋት ዋሽንቱ ከፊት፣ ቀንዱ በወርቅ የተለበጠው የመሥዋዕት በሬ ከዋሽንቱ ኋላ፣ እኛ ከበሬው ኋላ ሆነን ወጣን።

በማግስቱ ከመሠዊያው ፊት ስንሰለፍ ቀድሜያቸው ልቆም ስል እጀጌዬን ያዙኝ።

"ያኔ ከኋላዬ ነበርክ፣ አይደል?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ዛሬም ከኋላዬ ቁም።"

በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ይቅርታም ፈለግሁ፤ እሱንም አጣሁ።

ከፊታችን የብር ዕቃ የያዘ፣ በአዋቂነቱ የታወቀ ሰው ነበር፤ እሱም እንደ ሕፃን ካህኑን እየተከተለ አለ። ቀጥሎ አጎቴ። ግብፅ ላይ ደረሱ። ቤባይ እንኳ አልተነፈሰም። ካህኑ አለ፤ እሳቸውም አሉ። መጨቆናችንን አሉ፣ መጮኻችንን አሉ። መውጣታችንን ሲሉ ካህኑን ሳይጠብቁ ቀደሙት፤ ካህኑ ዝም ብሎ እስኪጨርሱ ጠበቃቸው። የእኔ ተራ ሲደርስ ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

ስንወጣ ከውጭው ግንብ ጥላ ሥር አጠገቤ ተቀመጡ። ያን ቀን ልነግራቸው ቆርጬ ነበር።

"ጋሼ፣ ያቺ ያኔ የተባለችው ቃል..."

"ቆይ፣ ጫማዬን ላውልቅ።"

አወለቁና ራሳቸውን ግንቡ ላይ አስደገፉ። መሬት መሬቱን እያየሁ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሹክሹክታውን፣ በራቸው ድረስ እየሄድኩ መመለሴን፣ ሁሉንም። ጨርሼ ቀና ስል ዓይናቸው ተከድኖ፣ አፋቸው በትንሹ ተከፍቷል። የትኛው ቃል ላይ እንደተኙ አላውቅም። ከውስጥ የማታው መሥዋዕት መለከት ተነፋ። ዘጠኝ ሰዓት ነበር።