ያልተለካው አየር

ማክሰኞ ጠዋት ከሐደራ በባቡር ወደ ሃይፋ የተነሣነው ሁለት ነን፤ እኔና ጎረቤቴ አያ ታረቀኝ። ነፋስ በዞረ ቁጥር ከኢንዱስትሪ ዞኑ የሚመጣው ሽታ ሰፈራችንን ናሕሊኤልን ካስመረረ ዓመት አልፎታል። የአያ ታረቀኝ ባለቤት እትዬ ብርቄ ሳል ጠንቶባቸዋል። የአየሩን ልኬት አሳዩን ብለን ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሦስቴ ጻፍን፤ መልሱ «በመጣራት ላይ ነው» ብቻ ሆነ። ሰፈርተኛው ፊርማ አሰባስቦ ራዲዮ ከተናገረለት በኋላ ግን «ኑና እንነጋገር» ተባልን።

በግራችን ባሕሩ፣ ከዚያ የዓሣ ኩሬዎችና የሙዝ እርሻ አለፉ። አያ ታረቀኝ የባለቤታቸውን የሐኪም ወረቀት ደረታቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል።

ሃይፋ፣ አራት ሰዓት

ከጣቢያው በር ቡሬካስ የሚሉትን አይብ ያለበት መጋገሪያ ገዝተን በእግራችን ወጣን። በሚስራዱ፣ ማለትም በቢሮው፣ ኃላፊዋ በፈገግታ ተቀብላ የሚያብረቀርቅ መጽሔት ሰጠችን። ስለ ግልጽነት ነው የሚያወራው።

አያ ታረቀኝ ገለጥ ገለጥ አደረጉት። «ሥዕሉ ያምራል። የእኛ ሰፈር ቁጥር የቱ ጋ ነው? ጠይቂልኝ» አሉኝ።

ወደ ዕብራይስጥ መለስኩላት። «ቁጥር ብቻውን ሕዝብ ያስደነግጣል» አለች።

«ልጄ» አሏት እሳቸው፤ «በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር ስንመጣ መሪያችን መንገዱ ጠፍቶበት ሳለ ‹አውቃለሁ› እያለ ሁለት ቀን በበረሃ አንከራተተን። ሰው ሞተብን። ‹ጠፍቶኛል› ቢለን ዘላኖቹን እንጠይቅ ነበር።»

ቃል በቃል ተረጎምኩላት። እሷም ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረችው። የሰፈራችን የአየር ልኬት ሰንጠረዥ የሰባት ወሩ ባዶ ነው።

«መለኪያው ተበላሽቷል» አለች ቀስ ብላ። «ይህን ለመጻፍ አፈርን።»

እኔ ተናደድኩ። አያ ታረቀኝ ግን «በይ፣ አሁን ይኸንኑ ጻፊልን» አሉ። ጽፋ ፈረመች፤ አዲስ መለኪያ ተክለው ውጤቱን በየቀኑ ለሕዝብ እንደሚያወጡም ጨመረች።

መልስ

እትዬ ብርቄ በር ላይ ጠበቁን። «ምን አሏችሁ?»

«አናውቅም አሉን።»

«ይቺን ለማለት ይህን ያህል ጊዜ ፈጀባቸው?» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ።

መለኪያው በወሩ ተተከለ። የመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር ከተፈቀደው በላይ ነበርና አንድ ፋብሪካ ማጣሪያውን እንዲቀይር ታዘዘ። እኔ መርዝ ደብቀውናል ብዬ ነበር የሄድኩት፤ የደበቁት ግን አለማወቃቸውን ነው። እትዬ ብርቄን ሰባት ወር ሙሉ የጎዳቸው እሱ ነው።