ከነአመዷ

በሕንድ አገር፣ የኬረላ ባሕር ዳር አሸዋ ኢልመናይት የሚሉት ማዕድን ነው። ጥቁር ነው፤ ነጭ ቀለም የሚወጣው ግን ከእሱው ነው። ዓሣ አጥማጁ ዳሞዳራን፣ ባሕር ጎጆውን ሁለቴ የበላበት ምስኪን፣ ጓሮውን ለአሸዋ ነጋዴ ሸጠ። የእናቱን ሬሳ እዚያው ጓሮ አቃጥሎ፣ እንደ አገሩ ወግ አመዷ ላይ የተከላት ኮኮናት እንኳ ከነሥሯ ተነቀለች።

በገንዘቡ የግንብ ቤት ሠርቶ ነጭ አስቀባና ድግስ ጠራ። ታላቅ እህቱ ባርጋቪ ግን ደጅ ቆማ አልገባም አለች።

«ግቢ እንጂ እትዬ! ምነው እማዬ ይህን አይታ በሞተች!»

«እማዬማ ይችትና» አለች ግድግዳውን እያሳየችው። «ከነአመዷ ጭነህ ሸጥካት፣ ቀለም አድርገው መለሱልህ። ገና አልደረቀችም፤ እንዳትደገፋት፣ ልብስህ ላይ ትቀራለች።»