ሁለቱንም ጆሮውን የደፈነበት ቀን

እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። ሁላችንም «ጆሮ» ነው የምንለው። ዲጄ ነው፤ በሠርግ፣ በምርቃት፣ በመሥሪያ ቤት ግብዣ ሲያጫውት ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። እኔ ብዙ ጊዜ የሚያጫውትበት አዳራሽ የድምፅ ቴክኒሺያን ነኝ። ስፒከር እሰቅላለሁ፣ ገመድ እዘረጋለሁ፣ አንድ ነገር ሲበላሽ እሰደባለሁ። እሱ «ሽቦ» ይለኛል። ሥራዬን አይቶ ይሁን ቅጥነቴን፣ ጠይቄው አላውቅም።

ጆሮ የተባለው በከንቱ አይደለም። ከበር እንደገባ፣ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ «የግራው ስፒከር ታሟል» ይለኛል። እበሳጫለሁ፣ መሰላል አምጥቼ እወጣለሁ፣ ስከፍተው ታሟል። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር መሥራት ምን ያህል እንደሚያደክም የሠራ ያውቀዋል።

ዘፈን የሚገዛው ከኢንተርኔት እያወረደ ነው። ላዩ ላይ «ከፍተኛ ጥራት» ተብሎ የተጻፈበትን ፋይል ገዝቶ፣ ውስጡ ከአሮጌ ሬዲዮ የተቀዳ የመሰለ ነገር እያገኘ ስንት ጊዜ እንደተቃጠለ እኔ ነኝ የማውቀው። አንዱ መጨረሻው ይቆረጣል። አንዱ ጮክ እንዲል ብለው አጡዘውት ድምፁ ይሰነጠቃል። ሌላው የድራሙ ጸናጽል ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት ይንጫጫል። ስለዚህ ጆሮ የገዛውን ዘፈን ሁሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ በሄድፎን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይሰማ ሰው ፊት አያጫውትም። ጉድለቱን ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ለሻጮቹም ረጅም ደብዳቤ ይልካል። እነሱ ስለ ትብብሩ ያመሰግኑታል። ከዚያ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለዘፈኑ ብቻ ነበር ብል ዋሸሁ። ሚስቱ ከሞተች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ሄድፎኑ ከራሱ ላይ የሚወርደው ሲተኛ ብቻ ይመስለኛል። ልጅ አለችው አይደል ትሉኝ ይሆናል። አለችው፤ እናቷ ስትሞት ሰባት ዓመቷ ነበር። ምግቧን ይሠራ፣ ጫማዋን ይወለውል፣ ትምህርት ቤት ያደርሳት፣ ያመጣት ነበር። ወሬ ግን አይሆንለትም። ልጅ ሳለች አንዳንዴ ዕቃ ላደርስ ቤታቸው ስሄድ እሷ ሳሎን የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ እሱ በሩ ገርበብ ባለ ክፍል ውስጥ ሁለት ጆሮውን ደፍኖ ተቀምጧል። ቤቱ ጭጭ ያለ ነው። ዘፈን ሞልቶት ጭጭ ያለ ቤት ሌላ ቦታ አላየሁም።

በሥራ ላይ ግን ሁለቱንም ጆሮ አይደፍንም ነበር። የሙያው ደንብ ይህ ነው፤ አንዱ ጆሮ ሄድፎን ውስጥ ሆኖ ማሽኑን ይሰማል፣ ሌላው ክፍት ሆኖ አዳራሹን ይሰማል። ሌላ ዲጄ ይህንን ሲዘነጋ ካየ በነገር ሙልጭ አድርጎ ያጥበዋል። «ሰው መሃል ሆነህ ለብቻህ ልትደንስ ነው?» ይለዋል።

የነገሩ ሁሉ ምንጭ አንድ ዘፈን ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ አንዲት ዘፋኝ ያለችበትን ካሴት እያጫወተች፣ ከዘፋኟ በላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትዘፍን ነበር። በሞተች በዓመቱ ቴፑ ካሴቱን በላው። ልጅቷ የእናቷን ድምፅ ረስታዋለች። ይህንን ራሷ ነግራኛለች፣ እያፈረች። ዘፈኑን ግን አልረሳችውም፤ ስታገባ ወደ አዳራሹ የምትገባው በሱ እንዲሆን ትፈልግ ነበር። ጆሮ ለዓመታት ፈልጎ ያጣውን ዘፈን፣ ሠርጉ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ማንም የማያውቀው አንድ የኢንተርኔት መደብር ውስጥ አገኘው።

በማግስቱ አዳራሹ መጣ። ፊቱ በርቷል። «ሽቦ፣ አገኘኋት» አለኝ። «ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል። ደግሞ በሄድፎን ስሰማት ከፊት ለፊቴ አይደለችም፤ በዙሪያዬ ነው ያለችው። ከበበችኝ።»

ይህች «ከበበችኝ» ያላት ቃል ያኔውኑ ልታነቃኝ ይገባ ነበር። ጤነኛ ዘፈን ላይ የዘፋኝ ድምፅ ከመሃል ነው የሚመጣው፤ የሚከብበው አንድ ነገር ሲገለበጥ ብቻ ነው። እሱም በሌላ ዘፈን ቢሆን በአንድ ደቂቃ ይይዘው ነበር። ግን ሰውየው ደስ ብሎት አየሁትና እኔም ደስ አለኝ፤ የሙያዬ ነገር ከራሴ ጠፋ።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ልጅቷ የወንበሩን አደራደር ልታይ መጣች። አባቷ ጠረጴዛው ላይ ገመድ ይጠቀልላል።

«አባዬ፣ ለአንድ ቀን ሥራው ይቅርብህ» አለችው። «ሌላ ዲጄ ይምጣ። አንተ አጠገቤ ቁጭ በል።»

«የእናትሽን ዘፈን ለማንም አልሰጥም፣ እማዬ።»

«እሺ እሱን አጫውት። ከዚያስ?»

«ከዚያማ እናያለን።»

ወደ እኔ ዞረች። «ጋሽ ሽቦ፣ እባክህ አንተ ንገረው።»

እኔ ምን ልበል። ሰው መሃል መቀመጥ እንደሚያስጨንቀው አውቃለሁ፤ ማሽን ፊቱ ከሌለ እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም። «ወንበሩን አስቀምጪለት፣ ይመጣል» አልኳት። እሷም ከራሷ ወንበር በስተቀኝ አንድ ወንበር አስጠጋችና «የአባዬ» ብላ በወረቀት ጽፋ ለጠፈችበት።

እሷ ስትሄድ «ዘፈኑን በትልቁ ስፒከር እንሞክረው» አልኩት። «ከሷ በፊት ማንም እንዲሰማው አልፈልግም» አለኝ። «ደግሞ ጆሮዬን ትጠራጠራለህ እንዴ?»

እዚህ ላይ ስለ አዳራሹ አንድ ነገር ልናገር፤ ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ። ዘፈን ሲቀረጽ ለቀኝና ለግራ ተከፍሎ ነው። የእኛ አዳራሽ ግን ሰፊ ነው፤ ጊታሩን በቀኝ ብቻ ብለቀው በግራ የተቀመጠው እንግዳ አይሰማውም። ስለዚህ ከዓመታት በፊት ቀኙንና ግራውን አንድ ላይ አደባልቄ በአራቱም ማዕዘን እንዲወጣ አድርጌዋለሁ። ለጤነኛ ፋይል ይህ ምንም ችግር የለውም። የጆሮ ፋይል ግን አንደኛው ጎኑ ተገልብጦ የተሠራ ነበር፤ ቀኙ ሲገፋ ግራው ይስባል። በሄድፎን፣ አንዱ ለዚህኛው ጆሮ አንዱ ለዚያኛው ለየብቻ ሲሆን፣ ሁለቱም ያምራሉ። ሲደባለቁ በሁለቱም ጎን እኩል ያለው ሁሉ ይጠፋፋል። በሁለቱም ጎን እኩል የሚኖረው ደግሞ የዘፋኙ ድምፅ ነው።

የሠርጉ ዕለት ከቀትር በኋላ፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ በሩ ተከፈተ። ሙሽራዋ ብቅ ስትል ጆሮ ዘፈኑን ለቀቀው። መግቢያው፣ ክራሩ፣ ሳክስፎኑ፣ በየዳሩ የተቀረጸው ሁሉ ከአራቱም ማዕዘን ጥርት ብሎ ወጣ። ከዚያ ዘፋኟ የምትገባበት ቦታ ደረሰ።

አልገባችም።

ሙዚቃው ቀጠለ፤ መሃሉ ባዶ ሆኖ። ልጅቷ እርምጃዋን ገታ አደረገች። ባሏ አላወቀም፣ ፈገግ እንዳለ ክንዷን ይዞ ይራመዳል። እሷ ግን ቃላቱን ሁሉ ታውቃቸዋለች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ዲጄው ጠረጴዛ ዞረችና እጇን ከፍ አደረገች።

እኔም ዞርኩ። ጆሮ ዓይኑን ጨፍኗል። ሄድፎኑን በሁለቱም ጆሮው ላይ ግጥም አድርጎ ደፍቶ፣ በሁለት እጁ ደግፎት፣ ይስቃል፤ እንባው እየወረደ ይስቃል። ከሦስት መቶ ሰው መሃል ዘፋኟን የሚሰማት እሱ ብቻ ነበር። ልጅቷ እጇን እንዳነሳች ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ አወረደችው። ሄዳ ተቀመጠች። በስተቀኟ ያለው ወንበር ወረቀቱ እንደተለጠፈበት ባዶውን ነው። የጆሮ እህት አጠገቤ ቆማ ስታጨበጭብ «እንዴት ያለ ደስ የሚል ክላሲካል ነው» አለች።

እየሮጥኩ ወደ ድምፅ ማደባለቂያዬ ሄጄ የግራውን ገመድ መዝዤ አወጣሁት። ድምፅዋ ወዲያው መጣ፣ ጥርት ብሎ፤ የቀረው ግን የመጨረሻዋ ስንኝ ብቻ ነበር። ሰው ወሬ ጀምሯል። ዘፈኑ አለቀ።

ጆሮ ሄድፎኑን አወለቀና ፊቱን በመዳፉ ጠርጎ «እንዴት ነበር? ወጣች?» አለኝ።

«ወጣች» አልኩት።

ፈሪ ነኝ። ያን ቀን ሌላ ምን ማለት እችል እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እሱም ደስ ብሎት እስከ መጨረሻው ሲያጫውት ዋለ፤ ወንበሩ ላይ አንድ ጊዜም አልተቀመጠም። ልጅቷም አንድም ነገር አልነገረችውም። ጉንጩን ስማ ሄደች። ባሏ የሚሠራበት ከተማ በአውሮፕላን የሚደረስበት ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ጆሮ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። የሠርጉ ቪዲዮ ደርሶት ለብቻው ተቀምጦ አይቶታል። ካሜራው ደግሞ የቀዳው አዳራሹ ውስጥ የተሰማውን ነው።

«ለምን ዋሸኸኝ?» አለ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እጇን አንስታ ስትጠራኝ አየኋት፣ ሽቦ። እኔ እየሳቅሁ ነው።»

ከዚያ ለመደብሩ መጻፍ ጀመረ። በሳምንት አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ደብዳቤ። መጨረሻ ላይ መልስ መጣ፤ ፋይሉን በሄድፎን ሰምተው መርምረውታል፣ ምንም ጉድለት አላገኙበትም። ጆሮ መልሱን አሳየኝና ወረቀቱን አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ከተተው። «እውነታቸውን ነው» አለ። «ለብቻ ሲሰሙት ጉድለት የለውም።» ከዚያ በኋላ ለማንም አልጻፈም።

ፋይሉን ለማቃናት የፈጀብን አንድ ደቂቃ ነው። ኮምፒውተር ላይ ከፍተን አንደኛውን ጎን መልሰን ገለበጥነው፤ ዘፋኟ መሃል ላይ ቁጭ አለች። በአዳራሹ ስፒከር ሞከርነው፣ ባዶ ወንበሮች እየሰሙ። ያማረ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ያመኛል፤ ያንን ሁሉ ያበላሸው ነገር በአንድ ደቂቃ የሚቃና መሆኑ።

«ላክላት እንጂ» አልኩት። «እልካለሁ» አለ። አምስት ወር አልላከም። ሥራ ላይ ግን አየው ነበር፤ ሄድፎኑን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ዝም ብሎ ሰው ያያል፣ በተለይ ሙሽሮች ሲገቡ።

አንድ እሁድ ከቀትር በኋላ ደወለልኝ። «ስፒከሬን እይልኝ» አለ። መፍቻዬን ይዤ ሄድኩ። ስፒከሩ ምንም አልሆነም፤ ሁለታችንም እናውቃለን። አንድ ሰሐን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያ መታጠቢያው አጠገብ ተደፍተዋል። የሚስቱ ስፌት መኪና ጨርቅ እንደለበሰች መስኮቱ ሥር አለች። ስልኩን አውጥቶ ወደ ልጁ ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ፣ ከስፒከሩ ፊት አስቀመጠው።

«አባዬ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ እማዬ። አንድ ነገር ላሰማሽ ነው። ዝም ብለሽ ስሚ።»

ለቀቀው። መግቢያው ሄደ፤ ዘፋኟም በቦታዋ ገባች። ከስልኩ ምንም አይሰማም። ጆሮ ሁለት እጁን ጉልበቱ መሃል ከትቶ ስልኩን ያያል። ሁለተኛው ስንኝ ሲጀምር ልጅቷ «አባዬ» አለች።

«እ? አይወጣም እንዴ? ድምፅዋ አይሰማም?»

«ይሰማል። በጣም ያምራል።» አፍንጫዋን ሳበች። «አሁን ዝጋውና አንተ አውራኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። እጁ ወደ ማሽኑ ሄዶ ትንሽ ከቆየ በኋላ ዘጋው። ጎረቤት ዕቃ ሲያጥብ ይሰማል። ስልኩን ከጠረጴዛው አንስቶ በሁለት እጁ ያዘው።

«ምሳ በላሽ?» አላት በመጨረሻ።

«በላሁ። አንተስ?»

ሰሐኑን አየው። ማንም ቢጠይቀው ሁልጊዜ «በልቻለሁ» ነበር የሚለው፤ እኔንም ለዓመታት እንዲሁ ሲለኝ ኖሯል።

«እኔማ ብቻዬን ስሆን አይበላልኝም፣ እማዬ» አለ።

መፍቻዬን ሰብስቤ ወጣሁ። በሩን ስዘጋ፣ ልጅቷ የምትለውን ለመስማት ስልኩን ወደ ጆሮው ሲያስጠጋ አየሁት።