የጥልፍ ሠሪዋ ካልሲየም

ወረታ መድኃኒት ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት አሠሪዬ ጋሽ ታደለ ያስነኩኝ አንድ የካልሲየም ኪኒን ብቻ ነበር። በሙቀጫ ውቀጥ አሉኝ፤ ወቀጥሁ። ዱቄቱን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ውኃ፣ ግማሹን የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ጨመሩት። የውኃው እንደ ኖራ ወደ ታች ዘቀጠ። የሎሚው አረፋ ደፍቆ ተንጨረጨረ፤ ጥቂት ቆይቶም ሟሟ።

«ሎሚው ጨጓራህ ነው» አሉኝ። «አሲድ ባይኖርህ ይኼ ሁሉ ደለል ሆኖ ይቀራል።»

ጎርፍ የሚተኛበት የፎገራ ሜዳ ልጅ ነኝና ደለል አውቃለሁ። ሆዴ ውስጥ ድንጋይ የሚያሟሟ ነገር ይዤ እንደምዞር ግን አላውቅም ነበር። ያን ቀን ምሳዬን የበላሁት ሆዴን እየፈራሁ ነው።

ከዚያ ረዳት፣ ተምሬ ድራጊስት፣ በመጨረሻም ኃላፊ ሆንሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኪኒን መቁጠር ይሰለቻል። የሰው ገላ ግን አንድም ቀን አልሰለቸኝም።

ጡረታ ልወጣ ስል፣ በዐቢይ ጾም፣ አዝመራ መጣች። አዝመራ በከተማችን የታወቀች ጥልፍ ሠሪ ናት። ውፍረቷ ጉልበቷን ሲነሳት አዲስ አበባ ሄዳ ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። ሐኪሞቹ ጨጓራዋን አሳንሰው፣ ምግቡ የላይኛውን አንጀት ዘልሎ እንዲያልፍ አድርገው ሰፍተውታል። ስትነግረኝ አፌን ከፍቼ ነው የሰማኋት። ሰው የሰው ሆድ ውስጥ ገብቶ እንዲህ ይሰፋል?

ያን ዕለት ግን ጣቶቿ እየደነዘዙ ይኮማተሩ ነበር፤ አፏ ዙሪያም ይነዝራታል።

«ጋሼ፣ መርፌው ከእጄ እየወደቀብኝ ነው» አለችኝ። «የፋሲካ ቀሚስ ልጠልፍ ተቀብያለሁ። እጄ ከከዳኝ ምን ሠርቼ ልበላ ነው?»

በቀጥታ ሆስፒታል ላክኋት። ደሟ ሲመረመር ካልሲየሟ ወርዷል። ሐኪሙ በደም ሥር ሰጥቶ አጣዳፊውን ካበረደ በኋላ፣ የሚዋጠውን አብረን እንድንመርጥ ወደ እኔ መለሳት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ታዝዞላት የያዘችው ብልቃጥ ካልሲየም ካርቦኔት ነበር፤ ያው ጋሽ ታደለ ያስወቀጡኝ።

«እንዴት ነው የምትወስጂው?» አልኋት።

«እንደታዘዘው ነዋ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ።»

«በጾሙስ ስንት ጊዜ ትበያለሽ?»

«ቅዳሴ ሲወጣ አንድ ጊዜ እቀምሳለሁ። በዚች ሆድ በቃኝ።»

«ታዲያ ሦስቱን?»

«አንድ ላይ ነዋ። የደም ማነሱንም ኪኒን ጨምሬ።»

ትእዛዙን አላጓደለችም፤ ሦስቱም ከምግብ በኋላ ነው የተዋጡት። ነገር ግን ካርቦኔት አሲድ ይፈልጋል፤ የእሷ ጨጓራ ከተሰፋ ወዲህ አሲዱ አንሷል። ገላ ካልሲየምን በትንሽ በትንሹ እንጂ በአንዴ አይቀበልም። ለደም ማነስ የሚሰጠው ብረትም አብሮ ሲገባ ይሻማል። እንዲህ ሲጎድልበት ገላ ከአጥንት ይበደራል፤ ልብ እንዲመታ አጥንቱን እየሸረፈ ለደም ያቀብላል። ይህን ሳስብ ዛሬም ይደንቀኛል።

ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን ካልሲየም ሲትሬትን መረጥን። ሲትሬት በሎሚ አሲድ የተሠራ ነው፤ ብዙ የጨጓራ አሲድ አይጠይቅም፣ በባዶ ሆድም ይሠራል። ወረታ ላይ ስለጠፋ ከባሕር ዳር አስመጣሁ። ብልቃጡ ፊት ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር፣ የመላውን ኪኒን ክብደት፣ ትተን፣ ካልሲየሙ ራሱ ስንት እንደሆነ ከጀርባው አነበብን። ቫይታሚን ዲ ያለበትን ወሰድን። ካልሲየሙን ከጠዋት እስከ ማታ ከፋፍለን፣ ብረቱን ከእሱ በሰዓታት አራራቅነው።

የጠዋቱ ድርሻ ላይ ግን አዝመራ እንቢ አለች። «ሳላስቀድስ አልውጥም፤ ይቅርብኝ» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ከንስሐ አባቷ ጋር ተመለሰች። ቄሱ ብልቃጡን አገላብጠው አዩና፣ «ይኼ ካልተዋጠ የእጇ ሕመም ይመለስባታል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ አባቴ፣ ይመለስባታል» አልኋቸው።

«ልጄ፣ መድኃኒት ምግብ አይደለም» አሏት። «ጠዋት ዋጪ። በእኔ ይሁን።»

አንገቷን ደፍታ መስቀላቸውን ተሳለመች። ከዚያ ውኃ ለመነችኝና እዚያው ባንኮኒው ፊት ዋጠች።

ሰሞነ ሕማማት ሊገባ ሲል መጣች። ምንም አልገዛችም። መርፌና ቀይ ክር ከነጠላዋ ጫፍ ፈታች።

«ይዩኝማ ጋሼ።»

ጣቶቿ አልተኮማተሩም። ክሩ በመጀመሪያው ሙከራ ገባ። እንባዬ መጣ፤ ባንኮኒውን የምወለውል መሰልሁ።

አሁን በቦታዬ የቆማችሁ ልጆች፣ መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት ሰውየው መቼ እንደሚበላ ጠይቁ።