በነፃ ለመሥራት ሽማግሌ የላክንበት ጉዞ

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ተናጋሪዋ እኔ ነኝ፤ ጸሐፊዋ የልጅ ልጄ መሠረት ናት። እኛ መሲ እንላታለን። ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊ ብያታለሁ። አሁን ራሱ "እማማ፣ የሽማግሌውን ነገር ብንተወውስ?" ትለኛለች። ምኑን ነው የምተወው? የሄድኩት እኮ ለሱ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። መሲ ዩኒቨርሲቲ ስለ ከብትና ስለ በግ ርባታ ትማራለች። ሦስት ዓመት ተማረች። ሰኔ ሲገባ ዘመሮ እኔ ዘንድ መጣችና ኩርፍ ብላ ተቀመጠች። ባል ይሆን እንዴ ብዬ ጎተጎትኳት። ባል አይደለም፤ ወረቀት ነው። ኢንተርንሺፕ የሚሉት ነገር አለባት። ሁለት ወር አንድ ቦታ ገብታ በእጇ መሥራት አለባት፤ የሚቀበላት ሰው ደግሞ ወረቀቷ ላይ ማኅተም መምታት አለበት። ማኅተሙ እስከ ዓርብ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ለአስተማሪዋ ካልደረሰ ዓመቱን ትደግማለች።

"ስንት ይከፍሉሻል?" አልኳት።

"ምንም።"

"ምሳሽንስ?"

"ከራሴ።"

"እና ምን ያስኮርፍሻል? ሂጂና ሥሪላቸዋ!"

"አራት ቦታ ደወልኩ እማማ። አራቱም እምቢ አሉኝ።"

በስመ አብ! በኛ አገር ገብስ ሲደርስ በነፃ ላጭድልህ ብሎ የመጣ ሰው ጠላ ይቀዳለታል እንጂ ሂድ ይባላል? አላመንኳትም። ሰነፍ ብትሆን ነው እንጂ ብዬ፣ ነገ አብረን እንሄዳለን አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጠዋት

በሶ ቋጠርኩ፣ ጋቢዬን ደረብኩ፣ ከዘመሮ በሚኒባስ ተነሣን። ለአሥራ አንድ ሰው በተሠራ መኪና አሥራ ዘጠኝ ሆነን ነው የተጫንነው፤ ሁለት በግ ሳይቆጠር። ክፍያው ለሁለታችን ሦስት መቶ ብር። አንዱ በግ እንደኔው ጥግ ይዞ ተቀምጦ ነበርና "እሱስ ስንት ከፈለ?" ብዬ ብጠይቅ ሹፌሩ ሳቀ። ሌሊት ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ነው። ጉሙ ከገደሉ አፍ ላይ ይንቦለቦላል፤ አንዳንዴ ጉሙ ሲገለጥ የገብሱ ማሳና የድንጋይ ካቡ ብቅ ይላል፣ ወዲያው ይሸፈናል።

ከሹፌሩ ኋላ ነበር የተቀመጥኩት። ለመሲ ይሰማት ብዬ፣ "ይኸው! ይኼ ልጅ ሳይማር ሥራ ይዟል፤ አንቺ ተምረሽ በነፃ የሚያሠራሽ አጣሽ" አልኩ።

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና "እማማ፣ እኔም ተመርቄያለሁ እኮ" አለኝ።

"በምን?"

"በአካውንቲንግ። አራት ዓመት ተምሬ።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ለተማርኩት ሥራ ልምድ ካለህ ና ይሉኛል። ልምዱን ከየት እንደማመጣ ግን የሚነግረኝ የለም።"

ጋቢዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። መሲ ስሸፋፈን አይታ ውሃ ሰጠችኝ፤ ያመመኝ መስሏት ነው።

ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፣ መሐል ሜዳ

ከመኪናው እንደወረድን በቀጥታ አንድ የግብርና መሥሪያ ቤት ሄድን። ኮሪደሩ ላይ ሰባት ልጆች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ሰባቱም እንደ መሲ ያለ ወረቀት ይዘዋል። እኔ ደግሞ መሲ ብቻዋን የተጣለች መስሎኝ ነበር! አንደኛዋን "መቼ ነው የመጣሽው?" ብላት "ከትናንት በስቲያ" አለችኝ፣ እየሳቀች። ምን እንደሚያስቃት እግዜር ይወቅ።

ተራችን ደርሶ ገባን። ከጠረጴዛው ኋላ ያለችው ሴት ጨዋ ናት፤ ብድግ ብላ ነው የተቀበለችኝ።

"እማማ፣ ይቀመጡ። እውነቱን ልንገርዎ? አራት ተማሪ ተቀብለናል። ከዚያ በላይ የሚቀመጡበት ወንበር የለንም።"

"ወንበር ነው የቸገራችሁ?" አልኳት። "በርጩማ አለኝ፤ ነገ አምጥቼላት እመለሳለሁ።"

ሳቀች። እሷ ስትስቅ ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ። እሷ ግን "በርጩማውን ብናገኝ የሚያሠራት ሰው የለም። አራቱም ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲነካኩ ነው የሚውሉት። ለምን ዓመቷን ላቃጥልባት?" አለችኝ። መሲ አመስግና ወጣች። እኔ ግን ዘግይቼ ነው የተነሣሁት፤ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ አይደለም፣ በነፃ ለመሥራት ይኼ ሁሉ ልመና ምንድነው ብዬ ደንግጬ ነው።

ሌላ አንድ ቦታ ቀርቶናል፤ ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ በግ የሚያረባ ሰው አለ። አቶ ንጉሤ ይባላል። ሁለት መቶ የመንዝ በግ አለው። መሲ በስልክ ጠይቃው "ተማሪ አልቀበልም" ብሎ ዘግቶባታል።

"በስልክ ነው የጠየቅሽው?" አልኳት።

"አዎ።"

"አየሽ ጥፋትሽን! ትልቅ ነገር በስልክ ይጠየቃል? ሽማግሌ ነው የሚላክ!"

ረቡዕ፣ ጠዋት

የሟች እኅቴ ባል መምሬ ክንፉ መሐል ሜዳ ነው የሚኖሩት፤ እሳቸው ቤት አደርን። መምሬ በዚህ አገር ያላጋቡት ሰው የለም። ስንቱ ጎረምሳ እሳቸው ሽማግሌ ሆነው ነው ሚስት ያገኘ። ነገሩን ስነግራቸው አገጫቸውን ያዙና "በነፃ ለመሥራት?" አሉ። "አዎ መምሬ።" "ወይ ዘመን!" ብለው ነጠላቸውን አነሡ። ጎረቤታቸውን አባ ገብሬን ጨመርንና ሦስት ሆነን በእግር ተነሣን። መሲ በሃያ እርምጃ ከኋላ ትከተለናለች፤ የማታውቀን መስላ።

ደጁ ስንደርስ መሲን አጥሩ ጋ አቆምኳትና እኛ ገባን። አቶ ንጉሤ ቦት ጫማ አድርጎ ጭቃ ውስጥ ቆሟል፤ ሃምሳን ያለፈ፣ ሰፊ ሰው ነው። ሚስቱ ወይዘሮ አስካለ ሦስታችንን ነጠላ አጣፍተን ስታየን እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና ወደ ቤት ሮጠች። አጎዛ ስታነጥፍ አየኋት።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አለ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ መምሬ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸ። መምሬ ስንት ዘመን የለመዱትን አፋቸው ይዞት ሄደ። "ዘመድ ልንሆን፣ ልጅ ለልጅ ልናገናኝ፣ በደጅዎ ቆመናል" አሉ! አባ ገብሬ "አሜን" አሉ። እኔ ማረም ነበረብኝ። አላረምኩም። የወይዘሮ አስካለ ፊት በደስታ ሲበራ ሳይ ሳቄ መጣና በነጠላዬ አፌን ያዝኩ፤ ለካ ሰላም የምትባል ልጅ አለቻቸው።

"ልጄ ገና ተማሪ ናት" አለ አቶ ንጉሤ፤ ግን አልተቆጣም። "የመጣችሁት ከማን ቤት ነው? በሰባት ቤት እንዳንገናኝ መጀመሪያ ይቆጠር።"

የሚቆጥር የኛ ቤት ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ቀጠልኩ። "እኔ የተሰማ ልጅ ነኝ። ተሰማን ወልደ ጊዮርጊስ ወለደው። ወልደ ጊዮርጊስን ሀብተ ማርያም ወለደው።"

"የትኛው ሀብተ ማርያም? ባለ ነጭ በቅሎው?"

"እሱው ነዋ!"

አቶ ንጉሤ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "እሱማ የአያቴ አያት ነው! እኔና እርስዎ ዘመድ ነን። ጋብቻው አይሆንም።"

ወይዘሮ አስካለ ከበሩ ላይ "አዬ!" አለች፣ ከልቧ አዝና።

"እንግዲህ በትውልድ አክስትህ ነኝ ማለት ነው" አልኩት። እርስዎ ማለቱን እዚያው ተውኩት። "ጋብቻ ደግሞ ማን ጠየቀህ? የልጅ ልጄ ሁለት ወር በጎችህን በነፃ ትጠብቅልህ፣ ታስታምምልህ ብለን ነው የመጣን።"

ዓይኑ ፈጠጠ። ወደ መምሬ ዞረ። መምሬ መስቀላቸውን ያሻሹ ጀመር። ከዚያ በሳቅ ፈነዳ፤ ግን ወዲያው ሳቁን ቆረጠው።

"አክስቴ፣ ዘመድነቱን አልክድም። ማኅተሙን ግን አልመታም። ዓምና ሁለት ተቀብዬ ነበር። ከግልገል ጋር ፎቶ ተነሡ፣ ማኅተም አስመቱ፣ ሄዱ። ያልሠራን ሠርቷል ብዬ ፈረምኩ። ሁለተኛ ውሸት አልፈርምም።"

እውነቱን ነው። ዘመድነቴ እዚያው ጭቃው ላይ ቀረ። ዓመቷ ሊቃጠል ነው።

ያኔ መሲ ገባች። አጥሩ ጋ ሆና ሁሉንም ሰምታለች፤ ፊቷ በርበሬ መስሏል።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሽማግሌውን እኔ አልላክሁም። ልጅቷ ግን እኔ ነኝ" አለች። "አንድ ጊዜ በጎቹን ልያቸው? ከዚያ ካልወደዱ እንሄዳለን።"

በረቱን ከፈተላት። ገባችና እየዞረች አየች፣ ጥርስ ገልጣ አየች፣ አንዱን ግልገል አንሥታ ክብደቱን በእጇ መዘነች። ስልክ አልነካችም።

"ግልገሎቹ እየኮሰመኑ ነው?"

ሰውዬው ቀና አለ። "ማን ነገረሽ? ዓምና የሞተብኝን እኔ ነኝ የማውቅ። መድኃኒት ብል፣ መኖ ብል፣ ምንም።"

"ይኼ አውራ በግ ስንት ዓመቱ ነው እዚህ?"

"አምስት። ግርማውን አታዪም? ለማንም አልሰጠውም።"

"እነዚህ የሚወልዱት ሴቶችስ የማን ልጆች ናቸው?"

"የሱ..." አለና ቆመ።

"የልጆቹ ልጆችም የሱ ናቸው?"

ዞሮ አውራውን አየው። መሲ ግልገሉን አስቀመጠችና ቀስ ብላ፣ "ጋሼ፣ እኛን ሰባት ቤት ቆጠሩን። በጎቹን ግን አንድ ቤት አልቆጠሩም" አለችው።

ወይ ጉድ! መምሬ አማተቡ። እኔ የደነገጥኩትን ድንጋጤ ምን ብዬ ልንገራችሁ? በዕድሜዬ ሙሉ በግ አርብቼ፣ አውራው የልጁ ባል መሆኑን አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። የኔም በግ እኮ እንደዚሁ ነው!

አቶ ንጉሤ ያስቀመጠችውን ግልገል አነሣ። "ማን ከማን እንደተወለደ መጻፍ ትችያለሽ? የሁለት መቶውን?"

"የጆሮ ቁጥር ሰጥቼ እጽፋለሁ። አውራውንም መቀየር አለብን። ተቀብያታለሁ የሚለውን ወረቀት ዛሬ ይምቱልኝ። ሠርታለች የሚለውን ግን በመጨረሻ፣ ካልሠራሁ አይምቱት።"

"አስካለ!" ብሎ ተጣራ። ማኅተሙ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ቀለሙ ደርቆ ስለነበር ወይዘሮ አስካለ ውሃ ጠብ አደረገችበት። መታው። ከዚያ ነው እኛ የተቀመጥነው። ሽሮ በላን፣ ጠላ ጠጣን።

ሐሙስ

ማታውኑ ኔትወርክ እምቢ ብሎ ፎቶው ስላልሄደ፣ ጠዋት ከከተማው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጣን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። መሲ ስልኳን ወደ ሰማይ ዘርግታ ትዞራለች፤ እኔ ከኋላዋ ነጠላዋን ይዤ እዞራለሁ፣ ገደሉ ቅርብ ነውና። አንድ ሰዓት ያህል ስንዞር ቆይተን ስልኩ ጢው አለ። አስተማሪዋ "ደርሷል" ብሎ ጽፏል። አንድ ቃል! ለዚች ቃል ሦስት ቀን፣ አንድ ቄስና ሁለት ጉልበት ከፍያለሁ።

ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ መሲ ጭኔ ላይ ተኝታ መጣች። እኔ አልተኛሁም። ሰነፍ ናት ብዬ ነበር የተነሣሁት፤ ይቅር በይኝ ያልኳት ተኝታ ሳለ ነው። አሁን ስትጽፈው ነው የሰማችው።

ዓርብ፣ ዘመሮ

ወሬ ከኛ ቀድሞ ገብቷል። ከማለዳ ጀምሮ ሦስት እናቶች ደጄ መጡ። ሦስቱም ወረቀት ይዘዋል። "እማማ፣ ለመሲ ሽማግሌ ልከው አስገቧት አሉ። ለልጃችንም ይሂዱልን።" ሁለቱን አሳቅኳቸው። ሦስተኛዋ ግን አልሳቀችም። ልጇ ስለ ኮምፒውተር ነው የሚማር።

"እኔ እንደ እርስዎ የሚቆጠር ዘመድ የለኝም፤ ከሩቅ አገር ተድሬ የመጣሁ ነኝ" አለችኝ።

እዚህ ላይ የምቀልድበት አጣሁ። "ስሚ" አልኳት፣ "መሲን ዘመድ አላስገባትም፤ ዘመድማ ቆሞ እምቢ አላት። በሩን አስከፍተናል፤ የገባችው በራሷ ነው። ልጅሽ ይምጣና የሚያውቀውን ለኔ ይንገረኝ። እኔ ከገባኝ ለማንም ይገባል።"

"ኮምፒውተር እርስዎ ምን ያውቃሉ?"

"ምንም። ማንበቡንም አልችል" አልኳት። "ሰው በር ላይ መቆሙን ግን እችልበታለሁ።"

እጄን ዘረጋሁና ወረቀቱን ተቀበልኳት።