ሸምሲያ የሳቀችባቸው አሥራ አንድ ቀናት

«አንቺ ልጅ ልብ የለሽም» አለችኝ እናቴ ባለፈው ሐሙስ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

ጎረቤታችን ዘሀራ ከተቀበረች አራተኛ ቀኗ ነበር። ልጇ ፋጤ ጂዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። በማግስቱ ወደዚያ የሚሄድ ሰው በመገኘቱ፣ እናቴ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችና በሟቿ ስም ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዘችኝ። ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን ብቻ ትንሽ ያመኛል፣ አንቺ ሥራሽን በርቺ የሚል። ፋጤ ለእረፍት ስትመጣ ሰው ተሰብስቦ በወጉ ይነገራታል። እኔ በሞተ ሰው ስም አልጽፍም አልኩ። ከልጅነቴም ነገር ማለስለስ አላውቅበትም።

«ሸምሲያን ረሳሻት?» አለችኝ ቀጥላ። «የሰው አገር ሰው፣ ዘመድ የሌላት፣ እንዴት አድርገን በክብር ነገርናት። ወላሂ፣ የሥጋ ዘመድ እንኳ እንደዚያ አያደርግም።»

አልረሳኋትም። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አሁን ሠላሳን ልነካ ነው። አንድም ቀን አልረሳኋትም።

እውነተኛ ስሟ ሼሽቲን ነው። እናቴ በሁለት ቀን ውስጥ ሸምሲያ አደረገችው፤ እሷም ወደደችው። ከስዊድን የመጣች ነርስ ነበረች፤ ያለ ደመወዝ፣ በገዛ ፈቃዷ፣ ለአንድ ዓመት። ጦርነቱ ከሰሜን ወደ እኛ እየወረደ ነበር፤ ኮምቦልቻ ዳር አንድ የእህል መጋዘን ተለቆ የቁስለኛና የተፈናቃይ ማደሪያ ሆኖ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ ቧንቧ ውሃ ካለው ግቢያችን ሁለቱን ክፍሎች ስናከራይ፣ ያመጧት ሰዎች ከቀበሌ አስፈቅደው እሷን አስገቡ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ የማትሪክ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ቀርቶ፣ ቤት መቀመጥ አላስችል ብሎኝ ነበር። አስተርጓሚ አደረጉኝ።

በየቀኑ ጠዋት በላንድሮቨር እንወርዳለን። ከደሴ ስንነሳ ጉሙ መንገዱን ውጦት፣ ሹራብ ላይ ሹራብ ደርበን ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንጨርስ ጆሯችን ጧ ይላል፣ ጉሙ ከበላያችን ይቀራል፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራቡን አውልቀን ጭናችን ላይ እናደርጋለን። ሽቅብ የሚወጡ የወታደር መኪናዎች ሲያልፉን ልጆቹ እየዘፈኑ ነው። ቁልቁል ሲመለሱ ግን ዘፈን የለም፤ ያኔ ለእኛ ቁስለኛ እያመጡ ነው ማለት ነው። በመከር ወቅት ከመንገድ ዳር የተጠበሰ የማሽላ እሸት እንገዛለን። ሸምሲያ መዳፏ ላይ አሽታ፣ እፍ ብላ፣ እንደኛው ትቅመዋለች።

ስለ እናቷ ብዙ ታወራ ነበር። እናቲቱ በበረዶ አገር ብቻዋን ትኖራለች፣ የሱፍ ካልሲ እየሠራች ትልክላታለች። ሸምሲያም እሑድ እሑድ ትጽፍላታለች። የጻፈችውን ፖስታ ቤት የማደርሰው፣ የመጣላትንም የማመጣው እኔ ነበርኩ።

ቴሌግራሙ የመጣው ማክሰኞ ከሰዓት ነው። በማይታወቅ ቋንቋ የተጻፈ ይያዛል ስለተባሉ ቤተሰቦቿ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነበር የሚልኩላት። ታጥፎ እንጂ ታሽጎ አልነበረም፤ አነበብኩት። «እናታችን ሰኞ ጠዋት አረፈች። መልስሽን እንጠብቃለን።» ሥሩ የወንድሟ ስም አለበት።

ቤት ስደርስ ሸምሲያ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር። በቆመችበት ልነግራት ነበር። እናቴ ግን ፊቴን አይታ ክንዴን ያዘችና ወደ ጓዳ ጎተተችኝ። ነገሩን ስትሰማ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ መቆጣት ጀመረች። መርዶ በእንዲህ ያለ ሰዓት ይነገራል ወይ? ብቻዋን? የአገሯ ሰው በሌለበት? መጋዘኑ ውስጥ ሌላ አንድ ስዊድናዊ ሽማግሌ ዶክተር ነበሩ፤ መድኃኒት ሊያመጡ አሰብ ሄደው በአምስት ቀን ይመለሳሉ ተብሏል። እሳቸው ይምጡና በንጋት፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በእሳቸው አፍ ይነገራት አለች። ያም ሆኖ እናቴ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ይህን መካድ አልችልም፤ ጠይቃኛለች።

«ሐዩ፣ አሁን ብትነሳ ለቀብሩ ትደርስ ይሆን?»

«የምን መድረስ?» አልኳት። «ትናንት የሞተችን ሴት እስከ ዛሬ ማን ያስቀምጣታል? ተቀብራለች።»

ይህን ስል ያሰብኩባት አንዲት ደቂቃ የለችም። እኛ ዘንድ ጠዋት የሞተ ሰው ከዙህር ሶላት በኋላ አፈር ይለብሳል። ሬሳ አሳድሮ ሰው የሚጠብቅ ሕዝብ ይኖራል ብሎ ማን ይጠረጥራል? በቤቱ ውስጥ እንግሊዝኛ የማውቅ፣ የተማርኩ እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የእነሱን ሁሉ ነገር የማውቅ መስሎኝ ነበር። እናቴም አመነችኝ። እንግዲያውስ ምን ያስቸኩላል አለች። ወረቀቱን አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት።

የአሰብ መንገድ ተዘጋ። የዶክተሩ አምስት ቀን ሰባት ሆነ፣ ሰባቱም ዘጠኝ።

በእነዚያ ቀናት ውስጥ ነገሩ ከእናቴ አፍ ሾልኮ ሰፈሩን አዳረሰ። ሴቶቹ ተራ ይዘው ይመጡ ጀመር። ለቅሶ የደረሰበትን ሰው የሚያበላው ጎረቤት ነውና፣ አንዷ ማር የፈሰሰበት ፈጢራ፣ አንዷ እርጎ፣ አንዷ በቅርንፉድ የፈላ ሻይ በፔርሙዝ ይዛ ትመጣለች። ከበዋት ይቀመጣሉ፤ ጸጉሯን ይዳስሳሉ፤ በልተሽ ጠግቢ ይሏታል። መርዶ ሳይነገራት የመርዶ ምግብ ትበላ ነበር። እሷ ደግሞ ከመጣች ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

አንድ ቀን በተሰባበረ አማርኛዋ «ምንድን ነው? እኔን ልትድሩ ነው?» አለቻቸው።

ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። እናቴም ሳቀች፤ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ሐረጎን ስንወርድ፣ ሸምሲያ መስኮቱን ከፍታ፣ ከአገሯ ከወጣች እንደዚህ ሳምንት ደስ ብሏት እንደማያውቅ፣ አሁን ገና ቤቷ ያለች እንደመሰላት ነገረችኝ። እኔ ወደ ገደሉ አየሁ። እሑድ እንደወትሮዋ ለእናቷ ጽፋ ሰጠችኝ። ወፍራም ደብዳቤ ነበር። ቴምብር ለጥፌ ሳጥን ውስጥ ጣልኩት። ምን ላድርገው?

ዶክተሩ አርብ ሊመሽ ሲል ደረሱ። ቅዳሜ ንጋት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰዓት እላፊው ሲያበቃ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው አንድ በአንድ ገቡ። ዶክተሩን ሹፌሩ ጠርቶ አመጣቸው። በር ላይ ወረቀቱን ስሰጣቸው አነበቡ፤ ሰኞ የሚለውን እንደገና አነበቡ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ገቡ፣ እኛም ተከተልናቸው።

ሸምሲያ አላለቀሰችም። እናቴ አቅፋት ታለቅሳለች፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ እሷ ወረቀቱን ይዛ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቀና ብላ መቼ እንደመጣ ጠየቀችኝ። አሥራ አንድ ቀኑ ነው አልኳት። ከእናቴ ክንድ ቀስ ብላ ወጣች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ በእግሯ ወደ ቴሌ ሄደች። ከኋላዋ ተከተልኩ።

መስመሩ የተገኘው ረፋድ ላይ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ቆማ ስታወራ አይቻታለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ዝም ብላ ትሰማ ነበር። ወጥታ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ትናንት ቀበሯት» አለችኝ።

«ማንን?»

«እናቴን። አሥራ አንድ ቀን ጠበቁኝ። ስልክ ሞክረው መስመር የለም ተባሉ። መልሴ ሲጠፋባቸው ቀበሯት።»

የት አስቀምጠዋት እንደሰነበቱ ጠየቅኋት። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚጠይቅ እንደኔ ያለ ሰው ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ሴቶቹ ሁሉ ያውቁ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኳት። ምግቡስ? የለቅሶ ነው አልኳት። መዋሸት እችል ነበር።

«እኔ ስስቅ ሁላችሁም ዝም አላችሁ» አለች።

ቤት ስንመለስ እናቴ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ። ታመሰግናችኋለች ብላለች አልኩ። ያን ቀን ቁርጥ አድርጌ ብናገር ኖሮ እናቴ አሥር ዓመት ሙሉ በዚያ ሥራዋ ባልኮራች ነበር። በሰው ሁሉ ፊት እውነት ተናጋሪ ነኝ የምል ሴት በዚህች አንድ ነገር ፈሪ ሆንኩ።

ሰኞ እንደተለመደው ኮምቦልቻ ወረድን። ሸምሲያ ሥራዋን አላጓደለችም። ነገር ግን አንድ ቁስለኛ ተናግሮ እኔ በተረጎምኩ ቁጥር ትጠይቀኝ ጀመር፤ «ሌላ ያለው የለም?» ውሃ ጠማኝ ያለውን ስተረጉም እንኳ ትጠይቀኛለች። የለም እላታለሁ። ፊቴን አይታ ወደ ቁስለኛው ትዞራለች። እስከ ግንቦት እንዲህ ቆየን። ዓመቷ ሲሞላ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘናት። እናቴን ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት፤ እኔን ጨበጠችኝ።

ብዙ ጊዜ ቀን እቆጥራለሁ። ለይለፍ ወረቀት ሦስት ቀን፣ ወደ አዲስ አበባ አንድ ቀን፣ ከዚያ ሁለት ቀን። በዚያው ሰኞ ትደርስ ነበር። ቀንሼም ጨምሬም ሞክሬዋለሁ፤ ትደርስ ነበር። ቤት ብርድ ሲገባ፣ በተለይ ክረምት ላይ፣ ያቺን አይቻት የማላውቃትን ሴትዮ አያታለሁ፤ ተጋድማ ትጠብቃለች።

የፋጤ ነገር ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ። የእሷ እናት ተቀብራለች፤ የሚጠብቃት ሰው የለም። ጂዳ ላይ፣ ሰው ቤት፣ መርዶ በስልክ ብትሰማ ማን ያቅፋታል? እናቴ ከምትለው ውስጥ እውነት አለበት። ቢሆንም የፋጤ መርዶ የፋጤ ነው። ጂዳ ላይ እየሳቀች የምታሳልፋቸውን ቀናት ስቆጥር መኖር አልችልም።

ሐሙስ ዕለት እስክሪብቶውን አስቀመጥኩና ለእናቴ ነገርኳት። የቀረኝ ነገር የለም፤ እሷ የጠየቀችኝን፣ እኔ የመለስኩላትን፣ አርቡን፣ ቀዝቃዛውን ክፍል። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ያን ሁሉ ሌሊት» አለችኝ፣ «ማን ነበር አጠገቧ የሚያድረው?»

«አላውቅም» አልኳት።

ስልክ ቤት ሊዘጋ አንድ ሰዓት ቀርቶት ነበር። በር ላይ ጫማዬን አጠለቅሁና ወጣሁ።