ክሎሪን የጠጣው ጉድጓድ

በደርግ ጊዜ በጎንደር ቆላ ከሽንፋ ከተማ ወዲህ ባለ አንድ የመንግሥት እርሻ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። እርሻው ባዮጋዝ ነበረው። የሽንት ቤቱና የከብቶች በረት እጣቢ ወደ አንድ የታሸገ የግንብ ጉድጓድ ይወርዳል፤ እዚያ ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ በቱቦ ወደ ወጥ ቤት ይመጣና የሰሊጥ አጫጆቹ ሽሮ ይበስልበታል። የእርሻው ካድሬ በየስብሰባው "ጓዶች፣ እዳሪያችን እንኳ ለአብዮቱ ተሰልፏል" ይለን ነበር። የሚስቅ አልነበረም፤ መሳቅ ምን እንደሚያስከትል እናውቃለን።

አንድ ሰሞን ከጎንደር ጎብኝዎች እንደሚመጡ ተነገረ። ካድሬው ሽታው አሳሰበውና ወደ እኔ መጣ።

"ያለህን ክሎሪን በሙሉ አውጣ።"

"ለመጠጥ ውኃ ማከሚያ የመጣ ነው፣ ጓድ። ጀርም ይገድላል።"

"አንተ የተቀጠርኸው ጀርም ልትጠብቅ ነው?"

አወጣሁለት። ሽንት ቤቱም በረቱም በክሎሪን ታጠበ፤ እጣቢው ሁሉ ጉድጓዱ ገባ። ግቢው ሆስፒታል ሆስፒታል ሸተተ። ካድሬው አፍንጫውን ነፍቶ ሲንጎራደድ ዋለ።

ብዙም ሳይቆይ የምድጃው እሳት እየደከመ ሄዶ ጭራሽ ጠፋ። ከወሎ የመጡት ወጥ ሠሪ ክብሪታቸውን ደጋግመው ጫሩና ፊታቸውን ሳይፈቱ ካድሬውን "ጓድ፣ እዳሪያችን ከሰልፉ ወጥቷል" አሉት።

ካድሬው አሻጥር ነው ብሎ የወጥ ቤቱን ዘበኛ ትራክተር ማቆሚያው ውስጥ ቆለፈበት። ጉድጓዱን ያሠራው ባለሙያም ከጎንደር ተጠራ። ባለሙያው ምን እንደተደፋበት ጠይቆ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ።

"ጋዙን የሚሠሩት እኮ በዓይን የማይታዩ፣ አየር በሌለበት የሚኖሩ ነፍሳት ናቸው። ክሎሪኑ ፈጃቸው።"

ካድሬው ትንሽ አሰበ። "ሌሎች ከጎንደር አይላኩልንም?"

"ከከብት ሆድ ነው የሚመጡት።"

ጎብኝዎቹ ሲደርሱ ምሳው ከመጋዘኑ ጀርባ በእንጨት ተቀቅሎ ቀረበ። ካድሬው በሞተው ምድጃ አጠገብ ቆሞ ስለ ባዮጋዝ ጥቅም ረዥም ንግግር አደረገ፤ እነሱም ጭሱ ያስለቀሰውን ዓይናቸውን እየጠረጉ አጨበጨቡ።

ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ ተጠርጎ፣ ከየገበሬው በረት ትኩስ እበት በትራክተር ተሳቢ ተጋዘ። እሳቱ ዳግም እስኪይዝ ሳምንታት ፈጀ። ዘበኛው ግን አላየውም። ይቅርታ የሚለው ሳያገኝ ተፈትቶ፣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻግሮ ነበር።

ካድሬው ይህን ሲሰማ "እኔ መጀመሪያውኑ ጠርጥሬዋለሁ" አለ።